ከመሪና ከጭስ ማውጫ ማን ቦታ ይልቀቅ?

ከጎሬ ተነስቶ በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ የሚወርድ መኪና ከ2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ወደ 500 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ጉሙና ብርዱ ከኋላ ይቀራል። ከፊት የሚጠብቀው የባሮ ሜዳ በበጋው መጨረሻ ሙቀቱ 40 ዲግሪ የሚደርስ፣ በክረምት ደግሞ ጥቁር አፈሩ ጎማ የሚውጥ ቆላ ነው። እንዲህ ባለ መንገድ ሲመላለስ የኖረ አሮጌ ላንድሮቨር ወይም ላንድክሩዘር ኮፋኖው ሲከፈት ከፋብሪካ የወጣበት ሞተር ላይገኝ ይችላል። ቤንዚን ጠጪው ወርዶ በምትኩ ናፍጣ ገብቶበታል፤ ወይም መለዋወጫው የጠፋው ሞተር በገበያ ላይ በሚገኝ ሌላ ሞተር ተተክቷል።

ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር ማጋባት ብዙ የተነገረለት ሥራ ነው። ብዙ ያልተነገረለት ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። ሞተሩ በማሰሪያ ጎማው ላይ ይቀመጣል፣ ይነሳል፣ ይሠራል፤ ጭሱን ከሞተሩ የሚቀበለው ማኒፎልድ ግን የመሪውን ዘንግ ሊነካ የቀረው ጣት የማያስገባ ክፍተት ነው። ያን ጊዜ አንዱ ለሌላው ቦታ መልቀቅ አለበት። ማን ይልቀቅ በሚለው ላይ የሙያው ሰዎች ዛሬም አይስማሙም።

ፋብሪካዎችም የተፈተኑበት ጥያቄ

ችግሩ የጋራዥ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው ሰንቢም ታይገር፣ አልፓይን በተባለችው ትንሽ የእንግሊዝ መኪና ውስጥ 4.2 ሊትር የፎርድ ቪ8 ሞተር በማስገባት የተሠራ ነው። ሰፊው ሞተር ከነባሩ የመሪ ሳጥን ጋር አብሮ ሊኖር ስላልቻለ ሳጥኑ ቀርቶ በጥርሳም ዘንግ የሚሠራ መሪ፣ ማለትም ራክ ተገጠመለት። ቦታ ተገኘ። ሆኖም በኩርባ ላይ የሁለቱ የፊት ጎማዎች አዟዟር እንደሚገባው አልተጣጣመም፣ መኪናዋም እስከ ዛሬ በዚህ ትነቀፋለች። ላንድሮቨር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1979 3.5 ሊትር ቪ8 ሞተሩን በሲሪዝ ሦስት አካል ውስጥ ሲያስገባ የመረጠው ሌላ መንገድ ነበር፦ የፊት ግሪሉን ወደፊት ገፍቶ ለሞተሩ ቦታ አሰፋ። ከዚያ በፊት በሁለቱ መብራቶች መካከል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ የነበረው ፊት ከመከላከያዎቹ ጋር እኩል ሆነ።

በአሜሪካ አሮጌ ፎርድ ላይ የሸቭሮሌ ቪ8 ይገጥሙ የነበሩ የጋራዥ ሰዎች ሦስተኛውን መንገድ አስለመዱ። ሞተሩንም መሪውንም ሳይነኩ ማኒፎልዱን መረጡ። ጭሱን በስተኋላ ጫፉ ሳይሆን በመሐሉ ቀጥታ ወደታች የሚያወርድ፣ ቅርጹ የበግ ቀንድ የሚመስል ማኒፎልድ ነበረ። የመሪው ሳጥን ከኋላው በሰላም ይቀመጣል። በኋላ ያው ሞተር በላንድክሩዘር ውስጥ ሲገባም ይኸው ማኒፎልድ ተፈላጊ ሆነ።

ሞተሩን መግፋት፣ መሪውን መቀየር፣ ጭስ ማውጫውን ማጠፍ፦ እነዚህ ሦስቱ ያን ጊዜም ነበሩ፣ አሁንም አሉ።

በእኛ አገር ጥያቄው የሚነሳበት ምክንያት የተለየ ነው። ለሩጫ ወይም ለጌጥ ብሎ ሞተር የሚቀይር ጥቂት ነው። የሚቀየረው ሻንሲው ከሞተሩ በላይ ዕድሜ ስላለው፣ መለዋወጫ በአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ የሚገኝለት ሞተር ከማይገኝለት ስለሚሻል፣ አዲስ መኪናም ስለማይቀመስ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪናዎች እንደ ዕድሜያቸው ከባድ ታክስ እንዲከፍሉ አደረገ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ተከለከለ። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ከዚህ በኋላ ዋጋው የሚጨምር እንጂ የሚጣል አይሆንም። ስለዚህ ሁለተኛ ሞተር የሚገባባቸው መኪናዎች ይበዛሉ፣ የክፍተቱም ጥያቄ አብሮ ይበዛል።

ቀኝ ተከትሎ መንዳት የሚያመጣው ልዩነት

ኢትዮጵያ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በመንገዱ ቀኝ ትነዳለች፤ መሪውም በግራ ነው። ይህ ተራ ነገር ይመስላል። ነገር ግን በአሮጌዎቹ ላንድሮቨርና ላንድክሩዘር ላይ የፊቱ ዲፈረንሻል ከመሐል ወደ ቀኝ ያዘነበለ ነው፤ ወደ ፊት ጎማ ኃይል የሚወስደው ካርዳንም በሞተሩ ቀኝ በኩል ያልፋል። መሪው በቀኝ በሆነባቸው እንደ ኬንያ፣ አውስትራሊያና እንግሊዝ ባሉ አገሮች መሪውና ካርዳኑ በአንድ ወገን ይጨናነቃሉ፣ ግራው ግን ለጭስ ማውጫ ነጻ ይሆናል። በእኛ መኪና ላይ ግራው በመሪ፣ ቀኙ በካርዳን ተይዟል። ጭስ ማውጫው ዘና ብሎ የሚወርድበት ወገን የለውም።

እንግዲህ ከእነዚህ አገሮች የመጣን መፍትሔ፣ የተገጣጠመ ጭስ ማውጫም ሆነ የሞተር ማሰሪያ፣ እንዳለ መገልበጥ ብዙ ጊዜ የማይሠራው ለዚህ ነው። በአብዛኞቹ ጽሑፎችና ሥዕሎች ላይ ይህ ልዩነት ተለይቶ አይነገርም። በእኔ እምነት በኢትዮጵያ ስለዚህ ሥራ የሚሰጥ ማንኛውም ምክር መጀመር ያለበት ከዚህ ነው፦ አዲሱ ሞተር ጭሱን በየትኛው ጎኑ ነው የሚያወጣው?

መልሱ ቀኝ ከሆነ ትግሉ ከካርዳኑና ወደላይ ከሚዘል የፊት አክስል ጋር ነው። ግራ ከሆነ ትግሉ ከመሪው ጋር ነው፣ ይኸኛው ይከብዳል። ሞተሩ ከኋላ በሆነባቸው እንደ ፎልክስ ቢትልና ፊያት 600 ባሉት መኪናዎች ላይ ጥያቄው በዚህ መልኩ አይነሳም። መሪው ከሞተሩ ርቆ ያድራል፤ የሚቀረው የማቀዝቀዣና የማርሚታ ቦታ ነገር ነው።

ክፍተት ስንል የትኛውን ክፍተት?

ክርክሩ የሚደበላለቀው ተከራካሪዎቹ ስለተለያየ ክፍተት ስለሚያወሩ ነው። አንዱ የሚለካው ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቀዝቅዞ፣ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ነው። ይህ በሜትር የሚታይ ክፍተት ነው፣ ከሁሉም ትንሹን እውነት የሚናገረውም እሱ ነው።

ሞተር በጎማ ላይ የተቀመጠ ስለሆነ ይንቀሳቀሳል። አብዛኞቹ ሞተሮች ከፊት ሲታዩ በሰዓት አቅጣጫ ይዞራሉ። ነዳጅ ሲረገጥ የሞተሩ አካል በተቃራኒው ይንጋለላል፤ ማለትም የመኪናው ግራ ጎን ወደ ላይ ይነሳል። በእኛ መኪና ግራ ማለት መሪው ያለበት ነው። ስለዚህ ቆሞ ሲለካ 15 ሚሊሜትር የነበረ ክፍተት አቀበት ላይ በከባድ ማርሽ ሲረገጥ ሊጠፋ ይችላል። የግራው የሞተር ጎማ ካረጀ ወይም በናፍጣና በዘይት ከራሰ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ባለ አራት ሲሊንደር ናፍጣ ሞተር ሲነሳና ሲጠፋ የሚያደርገው መንቀጥቀጥም የቀደመው ቤንዚን ሞተር ከሚያውቀው የሰፋ ነው።

በዚህ ላይ የሙቀት መለጠጥ አለ። አንድ ሜትር የብረት ቱቦ ሙቀቱ በ500 ዲግሪ ሲጨምር 6 ሚሊሜትር ገደማ ይረዝማል። ቱቦው በሁለት ጫፉ ከታሰረ የሚረዝምበት ስለሌለው ወደ ጎን ይለመጣል፣ ወይም ማኒፎልዱን ይሰነጥቃል። ወደ የትኛው ጎን እንደሚለመጥ አስቀድሞ ያላሰበ ሰው ክፍተቱን ለካሁ ሊል አይችልም።

ተንቀሳቃሹን ክፍተት ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በቀዝቃዛ ሞተር ላይ፣ ማኒፎልዱና የመሪው ዘንግ በሚቀራረቡበት ቦታ ላይ የእንጀራ ሊጥ ያህል ያልቀጠነ፣ ለዳቦ የተቦካ ያህል ጠንከር ያለ ሊጥ ወይም ጭቃ ይለጠፋል። ጎማዎቹ በድንጋይ ይታገዳሉ፣ የእጅ ፍሬንና የእግር ፍሬን ይያዛል፣ ሞተሩ ይነሳና ፍሪሲዮኑ በዝግታ እየተለቀቀ ሞተሩ ጥቂት እንዲታገል ይደረጋል። ከፊት ለፊት ማንም አይቆምም። ከዚያም ወደ ኋላ ማርሽ ተደግሞ ይሞከራል፣ ምክንያቱም ሞተሩ ያን ጊዜ ወደ ሌላው ወገን ይንጋለላል። ሞተሩ ጠፍቶ ሊጡ በቢላ ሲቆረጥ የቀረው ውፍረት ይለካል። በሜትር 20 ሚሊሜትር ተብሎ የተመዘገበ ቦታ ላይ የሊጡ ውፍረት 8 ሆኖ ቢገኝ፣ እውነተኛው ቁጥር 8 ነው።

ሞተሩ ይሂድ የሚሉ

የመጀመሪያው ወገን ሞተሩን ወደ ቀኝ አንድ ኢንች ያህል መግፋትን ይመርጣል። ደካማ አሳብ አይደለም። መኪና አምራቾችም ከመሪው ለመራቅ ሞተርን ከመሐል መስመር ትንሽ ገለል አድርገው ያስቀምጣሉ። ካምቢዮው አብሮ እስከተገፋና የካርዳኑ ክሮቼራዎች (የመስቀል መጋጠሚያዎች) ተመጣጣኝ ማዕዘን እስከያዙ ድረስ ጉዳት የለውም።

ተቃውሞው የሚመጣው ከባለ አራት ጎማ መኪናዎች ነው። ወደ ቀኝ የተገፋ ሞተር ወደ ፊቱ ዲፈረንሻል ይቀርባል። ባሌስትራው ጉድጓድ ላይ ሲጨመቅ አክስሉ ወደ ላይ ይዘላል፣ የሞተሩን የዘይት ኮፓም ይመታል። ከዚያ ለማምለጥ ሞተሩን ከፍ ማድረግ ደግሞ ማራገቢያውን ከራዲያተሩ መሐል ያወጣዋል። ደጋ ላይ ይህ ላይታወቅ ይችላል። በጋምቤላ ሙቀት የማራገቢያው ግማሽ ከራዲያተሩ በላይ አየር የሚበትን ከሆነ ሞተሩ ይፈላል። በአዲስ አበባ የተሞከረ የሞተር አቀማመጥ በቆላ እንደገና መታየት አለበት የሚሉት ልክ ናቸው።

መሪው ይቀየር የሚሉ

ሁለተኛው ወገን የመሪውን መንገድ ይለውጣል። ቀጥ ብሎ ይወርድ የነበረውን ዘንግ ቆርጦ በክሮቼራ አጥፎ ማኒፎልዱን ያዞረዋል፤ ወይም የመሪ ሳጥኑን ራሱን ወደፊት ያዛውራል። በአሜሪካ በአሮጌ ላንድክሩዘሮች ላይ ጉልበት ያለው የሳጊኖ መሪ ሳጥን መግጠም የታወቀ ሥራ ነው፣ ብዙዎችም ተጠቅመውበታል።

እዚህ ላይ ዝርዝሩን ማየት ያስፈልጋል፣ ብዙ ስህተት የሚሠራው በዝርዝሩ ላይ ነውና። አንድ ክሮቼራ በታጠፈ ቁጥር ወጥ አዟዟር አይሰጥም። 30 ዲግሪ ታጥፎ ሲሠራ አንዴ ከሚዞረው እጅ 13 በመቶ ያህል ይዘገያል፣ አንዴ 15 በመቶ ያህል ይቀድማል። ነጂው መሪው በአንድ ቦታ ሲከብድ በሌላ ቦታ ሲቀል ይሰማዋል። ሁለት ክሮቼራዎች በእኩል ማዕዘንና ሹካዎቻቸው በትክክለኛው አቅጣጫ ከተገጠሙ አንዱ የሌላውን ጉድለት ያስተካክላል። ሹካው በሩብ ዙር ተሳስቶ ከገባ ግን ጉድለቱ ይደመራል። ሦስት ክሮቼራ ካስፈለገ መሐል ላይ ዘንጉን የሚይዝ ኩሽኔታ ከሻንሲው ጋር መታሰር አለበት። ያለዚያ ዘንጉ ይወዛወዛል፤ የተወዛወዘ ዘንግ ደግሞ የሸሸውን ማኒፎልድ ተመልሶ ይነካል።

ሳጥኑን ማዛወር ሌላ ነገር ያስከትላል። በላንድሮቨር ሲሪዝ ላይ ከመሪ ሳጥኑ የሚነሳው ዘንግ በሞተሩ ጎን አልፎ በፊት የሻንሲ አግዳሚ ውስጥ ወዳለው ሪሌ (የመሪ አስተላላፊ) ይሄዳል፤ ከዚያ ነው ወደ ጎማው የሚወርደው። ከእነዚህ አንዱ ቦታው ሲቀየር የቲራንቴው ርዝመትና ማዕዘን ይቀየራል። ባሌስትራው ሲዘል አክስሉ የሚሄድበት ቅስትና ቲራንቴው የሚሄድበት ቅስት ካልተስማሙ፣ ነጂው መሪውን ሳይነካ ጎማው ራሱ ይዞራል። በጋምቤላ ክልል ጉድጓድ በበዛበት የአቦቦ ወይም የኢታንግ መንገድ ላይ ይህ ድካም ብቻ ሳይሆን አደጋ ነው።

መሪውን መቀየር ያስፈለገባቸው መኪናዎች እንዳሉ አልክድም። ነገር ግን ቦታ ለማግኘት ብቻ ተብሎ መሪ መቁረጥ የመጨረሻ እንጂ የመጀመሪያ ምርጫ መሆን የለበትም። ማርሚታ ቢሰበር መኪናው ይጮሃል። መሪ ቢሰበር ሰው ይሞታል።

ጭስ ማውጫው ይታጠፍ የሚሉ

ሦስተኛው ወገን ጭስ ማውጫው ይታዘዝ ባይ ነው፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ብዙ ጊዜ የሚነሳባቸው ተቃውሞ ቱቦ ሲታጠፍና ሲጠብ ሞተሩ ይታፈናል የሚል ነው። ቁጥሩ ግን ያን ያህል አያስፈራም። 60 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ክብ ቱቦ በመሪው አጠገብ በሚያልፍበት ጥቂት ርዝመት ላይ ብቻ ወደ 40 ሚሊሜትር ቢጠፈጠፍ 20 ሚሊሜትር ቦታ ይገኛል። የጭስ መተላለፊያው ስፋት የሚቀንሰው ግን 11 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ቱቦው ወደ ጎን እየጠበበ ወደ ቁመት ስለሚሰፋ ነው። እውነተኛው ማፈኛ ሳይታሰብ የታጠፈ፣ በመታጠፊያው ላይ የተጨማደደ ቱቦ ነው። ማጠፊያ ማሽን በሌለበት ቱቦውን በደረቅ አሸዋ ጠቅጥቆ፣ ጫፎቹን ደፍኖ፣ በእሳት አግሎ ማጠፍ፣ ወይም ቁርጥራጮችን በማዕዘን ቆርጦ መበየድ ከዚህ ያድናል። አሸዋው እርጥብ ከሆነ ግን እንፋሎቱ ቱቦውን ሊያፈነዳ ስለሚችል አስቀድሞ መድረቅ አለበት።

ጠንካራው ተቃውሞ ሌላ ነው። ቱቦውን ማጠፍ የሚያስገኘው ቦታ እንጂ ቅዝቃዜ አይደለም።

ቦታ ተገኝቶም ሙቀት ይቀራል

የቤንዚን ሞተር ጭስ በሙሉ ጉልበት ከ800 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ የናፍጣው ዝቅ ይላል፣ በተለይ ሥራ ሲቀልለት። በመሪው ዙሪያ ያሉት ነገሮች ደግሞ ለሙቀት ስስ ናቸው፦ የክሮቼራው ቅባት፣ የዘንጉ የጎማ መጋጠሚያ፣ የኃይል መሪ ቱቦ፣ በዚያው ጥግ የሚያልፈው የፍሬን ዘይት መስመር። ዶት 3 የተባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል ተብሎ ይሸጣል። እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ዝቅተኛው መለኪያ 140 ነው። ዝናብና ወንዝ በበዛበት አገር ዘይቱ እርጥበት ይጠጣል።

ሙቀቱን በመጠቅለያ ጨርቅ እንያዘው የሚሉና በቆርቆሮ ጋሻ እንከልለው የሚሉ አሉ። ጨርቁ በደረቅ አገር ይሠራል። በክረምት ውኃ አቋርጦ ለሚሄድ መኪና ግን ውኃ ይይዛል፣ ቱቦውን ከሥሩ ያዝጋል። ዘይት ወይም ናፍጣ የጠጣ ጨርቅ ደግሞ እሳት ይይዛል። ቆርቆሮው ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው። በሁለት ትኩስና ቀዝቃዛ ገጾች መካከል አንድ ስስ ቆርቆሮ ከሁለቱም ሳይነካ ቢቆም በጨረር የሚተላለፈውን ሙቀት በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ከዚያም በላይ። ዋናው ነገር በሁለቱም ወገን አየር ማለፉ ነው። ከቱቦው ጋር ተጣብቆ የተበየደ ጋሻ ራሱ ምድጃ ይሆናል።

መሞከሪያው ሜዳው አይደለም። ከጋምቤላ ወደ ቡሬ የሚወጣው አቀበት ነው። መኪናው ጭነት ይዞ፣ በከባድ ማርሽ፣ በዝግታ ይወጣል። ሞተሩ በሙሉ ጉልበቱ ይሠራል፣ ከፊት የሚገባው አየር ግን ትንሽ ነው። ከዚያ ቆሞ ሞተሩ ሲጠፋ ማራገቢያውም ይቆማል፣ የማኒፎልዱ ሙቀት ሁሉ በኮፋኖው ሥር ይጠራቀማል። የመሪው የጎማ መጋጠሚያና የፍሬን መስመሩ መታየት ያለባቸው ያን ጊዜ ነው።

ቆላው አንድ ሌላ ነገር ይጨምራል። ከመሪው ለመሸሽ ዝቅ ብሎ የተላለፈ ቱቦ ወደ ሣሩ ይቀርባል። በጋምቤላ ሜዳ ሣሩ ሰው ይውጣል፣ በበጋ ደግሞ ይደርቃል። በሻንሲውና በቱቦው መካከል የሚሰገሰግ ደረቅ ሣር መኪና እንደሚያቃጥል በአውስትራሊያ በረሃዎች በደንብ የታወቀ ነው። ስለዚህ ለመሪው ሲባል የሚሠራው ጋሻ ከሥር ክፍት ሆኖ ሣር የማይከማችበት፣ በእጅ የሚጠረግ መሆን ይኖርበታል። የጎን ክፍተትና የመሬት ክፍተት እዚህ ይጋጫሉ፤ ለሁሉም መኪና የሚሆን አንድ ቁጥርም የለም።

እልባት ያላገኘው ብየዳ

ከሁሉም የከረረው ክርክር የመሪ ዘንግ ይበየዳል ወይስ አይበየድም የሚለው ነው። አውስትራሊያ ለመኪና ማሻሻያ ባወጣችው ብሔራዊ መመሪያ የመሪ ክፍሎችን ማጋልና መበየድ በጥብቅ ትቆጣጠራለች። በአንዳንድ አገር ግን በትክክል የተዘጋጀ፣ እጅጌ ያለው፣ በፒን የተደገፈ ብየዳ ይፈቀዳል። አይበየድም የሚሉት ምክንያታቸው ግልጽ ነው፦ የዘንጉ ብረት ምን ዓይነት እንደሆነ በዓይን አይታወቅም፤ በእሳት የጠነከረ ብረት በብየዳው ዳር ሊሰባበር የደረሰ ይሆናል፤ ስንጥቁም ከውጭ አይታይም። ይበየዳል የሚሉትም የሚናገሩት አላቸው። ጥርስ ያለው መጋጠሚያ በቶርኖ አስፈልፍሎ ለማምጣት ከጋምቤላ መውጣት ግድ በሆነበት ጊዜ፣ ጥሩ በያጅ የሠራው መጋጠሚያ በሽቦ ከታሰረ አሮጌ መገጣጠሚያ ይሻላል ይላሉ። እኔን የሚያሳምነኝ መካከለኛው ነው፦ ከሌላ መኪና የወጣ፣ ጥርሱ የሚገጥም ሙሉ ዘንግ ካለ ብየዳው ይቅር። የአደጋ ጊዜ የሚታጠፍ ዘንግ ያለው መኪና ከሆነ ደግሞ ያን የሚታጠፍ ክፍል በብየዳ ማድረቅ በምንም ምክንያት መፈቀድ የለበትም፣ የነጂውን ደረት የሚያድነው እሱ ነውና።

በሕጉ በኩል የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 አለ፤ የዓመቱም ምርመራና ቦሎ አለ። የሞተር ቁጥር በሊብሬው ላይ ስለሚሰፍር ሞተር የቀየረ ሰው ማስመዝገብ ይጠበቅበታል። ይህ ስለ ሞተሩ ማንነት ነው። ሊብሬው ሞተሩ ከግራ መሪ ምን ያህል እንደራቀ አይናገርም። የመሪው ዘንግ የት ላይ እንደተቆረጠ፣ በምን እንደተቀጠለ፣ ማን እንደበየደውም አይጽፍም። መኪናው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ባለቤት እጅ ሲገባ ገዢው ይህን ሊያውቅ የሚችለው ጉድጓድ ላይ አውጥቶ፣ በባትሪ መብራት ከሥር እያየ፣ ሌላ ሰው መሪውን ከዳር እስከ ዳር ሲያዞርለት ነው። ያን ጊዜ በዘንጉ ላይ ጭስ ማውጫው የላጠው የሚያብረቀርቅ ጭረት ካየ፣ ክፍተቱን የለካው ሰው ሞተሩ ጠፍቶ እንደለካው ያውቃል።